ሳንባዬን ተዉት፣ አንገቴን እዩልኝ

ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ያየ ሁሉ የሚያዝነው ለሳንባው ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሐዘኑ በቃል ብቻ አይቀርም፤ በሳህን ተከድኖ ይመጣል። አንዷ ጎረቤት አጥሚት ትልካለች፣ ሌላዋ ተልባ በጥብጣ ታመጣለች፣ ሦስተኛዋ «ትንፋሽህ እንዳያልቅ» እያለች ቅቤ በቡና ጠጣ ትለኛለች። ትንፋሽ ሲወለዱ በልክ ተሰፍሮ የተሰጠ፣ በነፉት ቁጥር የሚጎድል ነገር ነው የሚመስላቸው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ሠርግ ሠርቼ በገባሁ ቁጥር ደረቴ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጠኝ ነበር። ሳንባዬ፣ ተመስገን፣ ምንም አልሆነም። ስለ አንገቴ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አልቶ ሳክስፎን 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። እኔ የምነፋው ቴነር ወደ 3 ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ባሪቶን የሚባለው ታላቅ ወንድማቸው 6 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ የያዘችው ከመሣሪያው ጀርባ የተበየደች አንዲት ቀለበት ናት፤ ቀለበቷን መንጠቆ ይዟታል፤ መንጠቆውን ማንገቻ ይዞታል፤ ማንገቻውን ማጅራቴ ይዞታል። ማጅራቴን የያዘው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

«3 ኪሎ ተኩል ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ከገበያ እስከ ቤት ከሆነ ምንም የላትም። ሠርግ ግን ሌላ ነው። ሙሽሮች ሲገቡ ይነፋል፤ ኬክ ሲቆረስ ይነፋል፤ ሚዜዎች ሲጨፍሩ ይነፋል፤ ሙሽሮቹ ለፎቶ ወጥተው ሲቀሩ ደግሞ እንግዳው እንዳይሰለች ተብሎ ይነፋል። በጥር ወር የአዲስ አበባ ሠርግ በምን ሰዓት ይጀመራል ከተባልሁ በጥሪ ካርዱ ላይ ያለውን እናገራለሁ፤ በምን ሰዓት ያልቃል ለሚለው ግን አንገቴን ብትጠይቁት ይሻላል።

በዚያ ላይ አንገት ሳክስፎን እስኪመጣለት ሥራ ፈትቶ አልጠበቀም። የሰው ራስ ብቻውን 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የተማረውም ያልተማረውም ያው ነው። ራስ በአከርካሪው ላይ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ አንገት ሸክሙን እምብዛም አይቆጥረውም። ወደ ፊት ያዘነበለ እንደሆነ ግን የኋላ ጡንቻዎች እንዳይወድቅ ገትረው ይዘውት ይውላሉ። ማንገቻ ደግሞ ሥራው ወደ ፊት መጎተት ነው።

ይህን ሳወራ ክላርኔት ነፊዎች ይቆጡኛል። «አንተስ ማንገቻ አለህ፣ እኛ ማን አለን?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ክላርኔት 800 ግራም ገደማ ብትሆንም ክብደቷ የሚያርፈው በቀኝ እጅ አውራ ጣት ላይ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ሲሮጡ፣ ሲዘሉና ሲጨበጨብላቸው፣ አውራ ጣት ከሥር ተቀርቅሮ ያመሻል። ኦቦም እንዲሁ ናት። ፍሉት ግማሽ ኪሎ እንኳን አትሞላም፤ ነገር ግን ወደ ጎን ስለምትያዝ ሁለት ክንድ አየር ላይ አንጠልጥላ ታቆያለች። ብልሆቹ ባሱን ነፊዎች ናቸው። ማንገቻውን ወንበር ላይ ያነጥፉና ይቀመጡበታል፤ መሣሪያቸው በገዛ ክብደታቸው ተይዞ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሙያ ነበር መማር! ቢወፍሩ እንኳን ለሥራው ይጠቅማል።

ሳክስፎን ከነዚህ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑ ራሱ ያስገርማል። አካሉ ናስ ሆኖ ሳለ ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር የሚመደበው፣ ድምፁን የምታስነሳው አፉ ላይ የታሰረች ስስ የሸምበቆ ምላስ ስለሆነች ነው። ሸምበቆዋ ከላባ አትከብድም። የቀረው ሁሉ ናስ ነው። ዝምድናው ከእንጨት፣ ሸክሙ ከብረት።

የሠራው ሰው አዶልፍ ሳክስ ይባላል፤ በ1814 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም ዲናን ከተማ ተወለደ። የልጅነቱን ታሪክ ያነበበ ሰው በማጅራት ጉዳይ እሱን አይወቅሰውም። ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ራሱን ከድንጋይ ጋር አጋጭቷል፤ አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ ጠጥቷል፤ መርፌ ውጧል፤ ባሩድ ፈንድቶበት ተቃጥሏል፤ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ከመስጠም ለጥቂት ተርፏል። ጎረቤቶቹ «ትንሹ ሳክስ፣ መንፈሱ» ይሉት ነበር ይባላል። ይህን ሁሉ አልፎ ያደገ ሰው መሣሪያ ሲሠራ «ይህ ነገር የነፊውን አንገት ያሳምም ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል ብላችሁ ነው? ቀለበቷን ከበየደልን እሱንም እናመስግነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ሳክስ ዓይኑ የነበረው በጦር ሠራዊት ባንድ ላይ ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሻን ደ ማርስ በሚባለው ሜዳ ላይ የእሱን መሣሪያዎች የታጠቀ ባንድ ከነባሩ ዓይነት ባንድ ጋር በሕዝብ ፊት ተወዳድሮ አሸነፈ፤ በዓመቱ የሳክስፎንን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እንግዲህ መሣሪያው ከመነሻው ለወታደር የታሰበ ነው። ወታደር ደግሞ ጠመንጃውንም ሳክስፎኑንም አንግቶ «አንገቴን» አይልም።

ወደ እኛም ሀገር ዘመናዊው የትንፋሽ ሙዚቃ የገባው በሰልፍ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ነፉ፤ ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱና ጦር ሠራዊቱ የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ነፊ ማለት ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ የሚቆም ሰው ሆነ። ባንዶቹ ከሰልፍ ሜዳ ወደ ዳንስ አዳራሽ ሲገቡ ዩኒፎርሙን አውልቀው ሱፍ ለበሱ። «አመመኝ» አለማለቱን ግን አላወለቁትም።

ለዚህ ምስክሬ በእኛ ባንድ ውስጥ ያሉት ሃምሳ አለቃ ናቸው። በጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ክላርኔት ነፊ ናቸው፤ ዛሬም ጫማቸውን ፊት እስኪያሳይ ወልውለው ነው ሠርግ የሚመጡት። የቀኝ አውራ ጣታቸው መገጣጠሚያ ላይ የበቀለው ጉጥ ከክላርኔቷ መደገፊያ ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት አንገቴን ሳሽ አዩኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አንገቴን ሃምሳ አለቃ፤ ቴነሩ ከብዶኝ።»

«አይ የዛሬ ልጅ!» አሉኝ። የዛሬው ልጅ ልጆቼን የዳርሁ ሰው ነኝ። «እኛ ከጃንሜዳ መስቀል አደባባይ እየነፋን ነው በእግራችን የሄድነው። ለመሆኑ ጌታቸው መኩሪያ ከበደኝ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?»

አልሰማሁም። ማንም አልሰማም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን ከአርበኛ አፍ ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው፤ በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ነፍቷል፤ በሰባ ዓመቱ አካባቢ ደግሞ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር አውሮፓን ዞሮ አስጨፍሯል። ሲሸልል የጀግና ልብስ ይለብስ፣ ጎፈርም ይደፋ ነበር። ሃምሳ አለቃ ያላሰቡት ግን አንድ ነገር አለ። ጎፈር የደፋ ሰው ማጅራቱ ላይ ምን እንዳሰረ፣ ከሥሩ ምን እንዳነጠፈ ማን ያይበታል? እኔም ጎፈር ቢፈቀድልኝ ከሥሩ ትራስ እከት ነበር። ችግሩ የሙሽራው ቤተሰብ ነው።

ከጌታቸው ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ራህሳን ሮላንድ ከርክ የሚባል ዓይነ ስውር ነበር። እሱ ደግሞ ሦስት የሳክስፎን ዘሮችን በአንድ ጊዜ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሦስቱንም በአንድ አፍ ይነፋ ነበር። የእሱን ነገር ለሃምሳ አለቃ አልነገርኋቸውም። ቢሰሙ ኖሮ እኔ ላይ ሁለት ይጨምሩብኝ ነበር።

እዚህ ላይ የቪዲዮ ቀራጮችንም ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆናል። የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሳክስፎን ነፊ ቀጥ ብሎ ከቆመ እየሠራ አይመስለውም። «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ለጠጥ ይበሉልኝ፤ ዓይንዎንም ይጨፍኑ» ይለኛል። እለጠጣለሁ። «አሁን ወደ ሙሽራዋ ጎንበስ!» እጎነበሳለሁ። ቪዲዮው ላይ የሚቀረው ፊቴ በስሜት የተጨማደደ ይመስላል፤ ዘመድ ወዳጅም አይቶ «እንዴት ያለ ስሜት ነው!» ይላል። ስሜቱ ከሰባተኛው የአንገት አጥንት ነው የመጣው።

ለነገሩ ዋናው መድኃኒት ገንዘብ አያስወጣም፤ ደህና መምህር ሁሉ ለተማሪው መጀመሪያ የሚነግረው ነው። መሣሪያው ወደ አፍ ይመጣል እንጂ አፍ ወደ መሣሪያው አይሄድም። ትከሻህን ጥለህ፣ ዓይንህን ፊት ለፊት ተክለህ ትቆማለህ፤ ከዚያ የሳክስፎኑ አፍ ራሱ መጥቶ ከንፈርህን እስኪነካ ድረስ ማንገቻውን ታሳጥረዋለህ። በዚህ ብቻ ራስ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጉሮሮ ይከፈታል፣ ድምፁም ይሰፋል። ታዲያ የእኛ ባንድ ወጣቶች ይህን አጥተውት ነው? አላጡትም። አጭር ማንገቻ ያረጀ ሰው ያስመስላል ይላሉ። ሳክስፎኑ ቀበቶ ሥር ወርዶ ካልተንጠለጠለ አይዘንጥላቸውም፤ ስለዚህ አገጫቸውን ደረታቸው ውስጥ ቀብረው ይዘንጣሉ።

ባለቤቴ በበኩሏ ሕመሙን አታምንም። «ሲሊንደር አንሣልኝ ስልህ አንገቴን ትላለህ፤ ሠርግ ሲጠሩህ ግን አንገትህ ይድናል» ትለኛለች። እንዲያም ሆኖ ወጌሻ ዘንድ የወሰደችኝ እሷው ናት። ወጌሻው አንገቴን በቅባት እያሸ ምን እንደምሸከም ጠየቀኝ። ነገርሁት። ክብደቱን ጠየቀኝ። 3 ኪሎ ተኩል ስለው እጁን አነሣና ሳቀ። ከእኔ በፊት የገባው ሰው 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሲያወርድ የዋለ ወዛደር ነበር። ከሳቁ በኋላ የተናገረውን ግን እስከ ዛሬ ከየትኛውም ባለሙያ አልሰማሁትም።

«ሲሚንቶ ተሸካሚ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ደርሶም ያራግፈዋል። አንተ ይዘኸው ነው የምትቆመው። አንተም አራግፈው።»

ነገሩ ይኸው ነው። ጡንቻ የሚሰለቸው ከክብደቱ ይልቅ ሳይንቀሳቀስ መቆሙ ነው፤ ተጨምቆ ሲቆይ ደም እንደ ልብ አይዞርበትም። ከዚያ ወዲህ ዘፋኙ ብቻውን በሚያንጎራጉርበት ጊዜ መንጠቆውን ፈትቼ ቴነሩን ማቆሚያው ላይ አሳርፈዋለሁ። ባንድ መሪያችን መጀመሪያ ላይ ሥራ ለቅቄ የምሄድ መስሎት ደንግጦ ነበር። ቤት ውስጥ ስለማመድም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አውልቄ ትከሻዬን አፍታታለሁ፤ ተቀምጬም ከሆነ መሣሪያውን ወደ ቀኝ ጭኔ አስጠጋዋለሁ። ደግሞ ወጌሻን አመሰገንሁ ብዬ አንገታችሁን ለሚያጣምም ሁሉ ስጡ ማለቴ አይደለም፤ ጣት መደንዘዝ፣ ክንድ መውረር ከጀመረ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ማንገቻውን የመቀየሩ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የማይሠራ ነገር የለም ሲባል ሰምቼ ሰፋ ያለ የቆዳ ማንገቻ ላሰፋ ሄድሁ። ቆዳ ሰፊው ለካኝ።

«ምን ልታስርበት ነው?»

«ሳክስፎን።»

«ይናከሳል?»

እንደማይናከስ አስረዳሁት። የሰፋልኝ ማንገቻ እስከ ዛሬ አልተበጠሰም፤ ሰፊ ስለሆነም ሸክሙን በጥቂቱ ያሰራጫል። ከእሱ በፊት ግን አንድ የባንዳችን ልጅ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ የሠራውን ሞክሬ ነበር። ከመነዳሪ ለአንገት ልስልስ ነው፣ መቼም አይካድም። ነገር ግን ይለጠጣል። በጉራጌ ምት ላይ እግሬ ዘለል ባለ ቁጥር ቴነሩ ወደ ታች ይሄድና ተመልሶ ጥርሴን ይመታኛል። ከአንገት ሐኪም ሸሽቼ የጥርስ ሐኪም ደጅ ልቆም ምንም አልቀረኝም ነበር። ፋብሪካ የሚሠራቸው የሚለጠጡ ማንገቻዎችም ቢሆኑ፣ ጥሩ ጥሩዎቹ በልክ ነው የሚለጠጡት፤ ክብደቱን አይቀንሱትም፣ ንዝረቱን ያለዝቡታል እንጂ።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ በጫማና በቪታሚን መሐል የትከሻ ማንገቻ ነበረበት። (ቪታሚኑም የእኔ ነው። ለሳንባህ ነው አለችኝ።) ሁለት ሰፋፊ መቀነቶች በሁለቱ ትከሻ ላይ ያልፋሉ፣ ጀርባ ላይ ይገናኛሉ፣ መንጠቆው ደረት ላይ ይንጠለጠላል። አንገትን የሚነካ ነገር የለውም። ቴነሩን ሰቅዬ ስቆም ጎሽ የሚለኝ ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን አየሁ። አንገቴ ያለ ሥራ ቀረ። ግራ ቀኝ ማየት ቻልሁ፤ ለካ ከበሮ መቺያችን ስነፋ ሁልጊዜ ስልኩን ነው የሚያየው።

በመጀመሪያው ሠርግ ላይ ግን የሙሽራዋ አያት ከመቀመጫቸው ሆነው ትክ ብለው አዩኝና ለዕረፍት ስወርድ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ማንን አዝለህ ነው?»

ባንዱ በሙሉ ሰማ። ለወራት ስሜ «አንቀልባው» ሆነ። ስድብ ነበር የታሰበው፤ እኔ ግን ውዬ አድሬ ሳስበው አያቲቱ መሐንዲስ ናቸው። አንቀልባ ይህንኑ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሸክሙን ከአንገት አንሥቶ ለትከሻና ለጀርባ ያካፍለዋል፣ እናትየውም ሁለት እጇ ነጻ ሆኖ ቡና ትወቅጣለች። ሕፃን ሲወለድ ከእኔ ቴነር ብዙም አይለይም፤ በዓመቱ ግን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሳክስፎን ቢያንስ አያድግም። ሌሊት ተነሥቶም አያለቅስም፤ የእኛ ቤት ሰዎች በዚህኛው ላይ ባይስማሙም።

ሃምሳ አለቃ ግን አልተሸነፉም። «በእንዲህ ያለ መታጠቂያ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ያሳፍራል» አሉኝ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ስለሚስሙ በእሱው በኩል ገባሁባቸው። ማኅሌት ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙት ሊቃውንት በምንድን ነው የሚቆሙት አልኋቸው። በመቋሚያ። መቋሚያ የያዘ ሊቅ ደካማ ነው ተብሎ ያውቃል? አያውቅም። እንዲያውም ሲያሸበሽቡ ጌጣቸው እሱ ነው። በገና ደርዳሪስ ቆሞ ይደረድራል? መሣሪያውን ፊቱ አቁሞ፣ ተቀምጦ፣ ረጋ ብሎ ነው። የእረኛው ዋሽንትማ ተሸክመውት መሄዳቸውን ያስረሳል። ሃምሳ አለቃ አውራ ጣታቸውን እያሹ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ገፋሁበት፤ የክላርኔት መደገፊያ ብሎኑ ላልቶ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደሚሄድ፣ አንዳንዱ ማንገቻ የሚታሰርበት ቀለበት እንዳለው፣ ተቀምጦ የሚነፋ ሰው የክላርኔቱን የታች ጫፍ ጉልበቱ ላይ ማሳረፍ እንደሚችል ነገርኋቸው።

«ጉልበቴ ላይ!» አሉ፤ ተነሥተውም ሄዱ።

እኔም በበኩሌ ጀግና አልሆንሁም። ልብስ ሰፊዬ ዘንድ ሄጄ ኮቴን ከትከሻው ትንሽ አሰፋሁት፤ አሁን መታጠቂያው ከኮት ሥር ይውላል፤ መንጠቆዋ ብቻ በቁልፎቹ መሐል ብቅ ትላለች። ቪዲዮ ቀራጩ ምንም አላወቀም። «ጋሼ፣ ሰሞኑን አቋምዎ አምሯል፤ ጂም ጀመሩ እንዴ?» አለኝ። ጀምሬያለሁ አልሁት።

ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ሃምሳ አለቃ ናቸው። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለ ጎረቤቶቼ እንኳን ጠየቁኝ፤ መጨረሻ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያቺ የአክስትህ ልጅ ተመልሳ ሄደች?»

«በቅርቡ ተመልሳ ትመጣለች ሃምሳ አለቃ።»

«እንግዲህ... ለክላርኔት የሚሆን ማንገቻ ነበር ያልኸኝ። አንድ ወዳጄ ፈልጎ ነው።»

«እሺ፣ ለወዳጅዎ ምን ዓይነት ልበላት?»

«ጥቁር ይሁን» አሉኝ፤ «ከሱፉ ጋር እንዳይለይ።»